ከሰማይ የሚወርደው የቅንጣት ዶፍ፦ ስለ ጠፈር ጨረርና ስለ ኒውክለስ ግጭት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ገጽ ያዘጋጀሁት ፊዚክስ ሳስተምር ዓመት በዓመት ለሚነሱልኝ ጥያቄዎች ነው። አንዳንዶቹ የተማሪዎች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ቡና ስንጠጣ ጎረቤቶች ያነሷቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠፈር ጨረር የሚባለው ምንድን ነው? የፀሐይ ጨረር ነው እንዴ?

“ጨረር” የሚለው ስም ያሳስታል። ኮስሚክ ሬይ የሚለውን መጠሪያ በ1920ዎቹ ያስለመደው አሜሪካዊው ሮበርት ሚሊካን ሲሆን፣ እሱ እንደ ጋማ ጨረር ያለ ነገር መስሎት ነበር። ኋላ ሲጣራ ግን የሚመጡት ክብደት ያላቸው ቅንጣቶች ሆነው ተገኙ። ከመቶው ወደ 90 የሚጠጉት ፕሮቶኖች ናቸው፤ 9 ያህሉ የሂሊየም ኒውክለስ (የአቶም እምብርት)፣ የቀሩት እስከ ብረትና ከዚያም በላይ ያሉ ከባድ ኒውክለሶች። ጥቂት ኤሌክትሮኖችም አብረው ይመጣሉ። ፀሐይም የራሷን ድርሻ ትልካለች፤ ነገር ግን የእሷዎቹ ኃይላቸው ዝቅ ያለ ነው። የበረቱት በፈነዱ ከዋክብት ፍርስራሽ አካባቢ ፍጥነት አግኝተው፣ ጋላክሲያችንን ፍኖተ ሐሊብን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲዞሩ ቆይተው እኛ ጋ ይደርሳሉ ተብሎ ይታሰባል። ከሁሉም የበረቱት ከሌሎች ጋላክሲዎች የሚመጡ ናቸው።

መጀመሪያ ማን ደረሰበት?

ኦስትሪያዊው ቪክቶር ሄስ። በዚያን ዘመን አየር ውስጥ ያለው ጨረር የሚወጣው ከመሬት ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቴዎዶር ቩልፍ የተባሉ ካህን በ1910 መለኪያቸውን ይዘው ፓሪስ የሚገኘው የኤፍል ማማ ላይ ቢወጡ፣ ጨረሩ የጠበቁትን ያህል አልቀነሰም። ሄስ ደግሞ ነሐሴ 7 ቀን 1912 በሃይድሮጅን በተሞላ ባሉን፣ መለኪያዎቹን ታቅፎ ከ5,000 ሜትር በላይ ወጣ። ነገሩ ከመሬት የሚመነጭ ቢሆን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየደከመ መሄድ ነበረበት። መጀመሪያ በመጠኑ ቀነሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን እየጨመረ ሄደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የፀሐይ ግርዶሽ በነበረበት ቀን ወጥቶ ሲለካም ምንም ሳይቀንስ ቀርቷልና፣ ዋነኛዋ ምንጭ ፀሐይ እንዳልሆነች ገባው። በ1936 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ፕሮቶኑ አየር ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? “አዲስ ቅንጣት ይፈጠራል” ሲባልስ ምን ማለት ነው?

የጉዳዩ እምብርት ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ሁለት ጀበና ቢጋጩ የሚበተነው ገል ነው። ገሉ አንድ ሳይቀር ተለቅሞ ቢገጣጠም ሁለት ጀበና እንጂ ሦስተኛ አይወጣውም። ኒውክለሶች በታላቅ ፍጥነት ሲጋጩ የሚሆነው ግን ሌላ ነው፤ ሁለት ጀበና ተጋጭተው ሃያ ሲኒና አንድ ረከቦት ድንገት ብቅ እንደማለት ነው። ሲኒዎቹ ጀበናው ውስጥ ተደብቀው አልነበሩም። የግጭቱ ኃይል ራሱ ነው ወደ ቁስነት የተለወጠው። የአንስታይን ቀመር ወረቀት ላይ ያለ ጽሑፍ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ከጠፈር የመጣው ፕሮቶን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከናይትሮጅን ወይም ከኦክስጅን ኒውክለስ ጋር ይጋጫል። ከግጭቱ በብዛት የሚወጡት ፓዮን የሚባሉ ቅንጣቶች ናቸው። ካዮኖችም አሉ፣ ፕሮቶንና ኒውትሮንም አሉ። ፓዮን ሦስት ዓይነት ነው፤ ፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭና ቻርጅ የሌለው። የሦስቱ ዕጣ ይለያያል፤ በልዩነቱ ላይ ደግሞ ገና ያልተፈታ ትልቅ ጥያቄ ተንጠልጥሏል (ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ)።

ቻርጅ የሌለው ፓዮን ዕድሜው አንድ ሰከንድ ለ10,000 ትሪሊዮን ቢካፈል ከሚደርሰው እንኳ ያንሳል። ወዲያው ወደ ሁለት የጋማ ጨረሮች ይለወጣል። ጋማው ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው የኤሌክትሮን አቻ) ይወልዳል፤ እነሱ ሌላ ጋማ ያመነጫሉ፤ እንዲህ እየተራባ ይወርዳል። ቻርጅ ያለው ፓዮን ግን ዕድሜው 26 ቢሊዮንኛ ሰከንድ ስለሆነ ሁለት መንገድ አለው። ኃይሉ ከበዛ ሳይከስም በፊት ከሌላ ኒውክለስ ጋር ተጋጭቶ ሌሎች ፓዮኖችን ያወጣል። ኃይሉ ካነሰ ወደ ሙዮን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) እና ወደ ኒውትሪኖ (ቻርጅ የሌለው እጅግ ቀላል ቅንጣት) ይለወጣል።

ይህ ሁሉ ከሰከንድ አሥር ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መነሻው ከ1 በኋላ 15 ዜሮ ያለው ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣት ኃይል መለኪያ) ኃይል የያዘ አንድ ፕሮቶን ከሆነ፣ ዶፉ (ይህ እየተባዛ የሚወርደው የቅንጣቶች ጎርፍ) በሚበረታበት ከፍታ ላይ ቅንጣቶቹ ወደ ሚሊዮን ይጠጋሉ። ጥቂት ሜትር ውፍረት ያለውና በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር የተዘረጋ እንጀራ በብርሃን ፍጥነት ሲወርድ አስቡት፤ የዶፉ ቅርጽ እሱን ይመስላል።

ሙዮን ዕድሜው አጭር ነው ይባላል። ታዲያ እንዴት መሬት ይደርሳል?

በአማካይ 2.2 ማይክሮሰከንድ ነው የሚቆየው። በብርሃን ፍጥነት ቢበርም በዚህ ጊዜ ውስጥ 660 ሜትር ያህል ብቻ ነው የሚጓዘው፤ የተወለደው ግን 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ሒሳቡ የሚታረቀው በአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ከእኛ አንጻር ሲታይ በዚያ ፍጥነት ለሚጓዝ ሙዮን ሰዓቱ ይዘገያል። የፊዚክስ ሊቃውንቱ ብሩኖ ሮሲና ዴቪድ ሆል በ1941 ኮሎራዶ ተራራ ላይ ሙዮኖችን ቆጥረው፣ ዝቅ ብለውም ቆጥረው ይህንን አረጋግጠዋል። በባሕር ወለል ከፍታ በአንድ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር በየደቂቃው አንድ ሙዮን ያህል ያልፋል። መዳፋችሁን ወደ ላይ ብትዘረጉ በየሰከንዱ አንድ ወይም ሁለት ያልፍበታል ማለት ነው።

በዓይን ማየት ይቻላል?

ቅንጣቱን አይቻልም፤ ዱካውን ግን ይቻላል። አንድ ጊዜ ክፍል ውስጥ የደመና ሳጥን ሠርተን ነበር። የዓሣ ማኖሪያ የመሰለ የመስታወት ሳጥን፣ ከላይ በአልኮል የራሰ ወፍራም ጨርቅ፣ ከታች ጥቁር ብረት፣ ከብረቱ ሥር ደረቅ በረዶ። መብራት አጥፍተን በጎን በኩል ባትሪ አበራን። አሥር ደቂቃ ያህል ምንም የለም፤ ልጆቹ መሰላቸት ጀምረው ነበር። ከዚያ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ስስ ጉም ተዘረጋ፤ ጉሙ ውስጥ ደግሞ ነጭ ክር የመሰለ መስመር ታየና ጠፋ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥ ያለውና ረጅሙ ብዙውን ጊዜ የሙዮን ነው፤ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ቀጭኑ የኤሌክትሮን፤ አጭርና ወፍራሙ አየር ውስጥ ካለው፣ ራዶን ከተባለ ጨረር አመንጪ ጋዝ የሚወጣ የአልፋ ቅንጣት።

ከኋላ ወንበር የመጣች ልጅ “መምህር፣ ይሄ አሁን በእኔም ውስጥ እያለፈ ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “ተኝቼም?” ተኝተሽም። እጇን አውጥታ ግራና ቀኝ እያገላበጠች ለረጅም ጊዜ አየችው።

አስመራ ላይ ተደረገ የሚባለው ሙከራ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ከሚገባው በታች የሚታወቅ ታሪክም ነው። በ1933 ብሩኖ ሮሲ ከባልደረባው ከሰርጂዮ ደ ቤኔዴቲ ጋር መሣሪያውን ጭኖ ከጣሊያን አስመራ መጣ። የመረጣት ከምድር ማግኔታዊ ወገብ ብዙ ስለማትርቅና ከፍታዋ 2,370 ሜትር ያህል ስለሆነ ነው። በጊዜው የጣሊያን ቅኝ ግዛት መሆኗም መንገዱን አቅልሎለታል።

ጥያቄው ግልጽ ነበር። ከጠፈር የሚመጡት ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች ከሆኑ የምድር ማግኔት ያጣምማቸዋል፤ ፖዘቲቭ ከሆኑ ከምዕራብ የሚመጡት ይበዛሉ፣ ኔጋቲቭ ከሆኑ ከምሥራቅ። ሮሲ የጋይገር ቆጣሪዎቹን (ቅንጣት ሲያልፍባቸው ምልክት የሚሰጡ ቱቦዎች) በአንድ መስመር ደርድሮ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት ሲመቱ ብቻ እንዲቆጠር አደረገና፣ መሣሪያውን አዘንብሎ አንዴ ወደ ምዕራብ አንዴ ወደ ምሥራቅ አዞረው። የምዕራቡ በ26 በመቶ በለጠ። ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ያደረጉ አሜሪካውያን ውጤታቸውን ቀድመው ቢያሳትሙም፣ ሁለቱም የደረሱበት አንድ ነው፦ ጠፈር የሚልክልን በአብዛኛው ፖዘቲቭ ቅንጣት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን እግረ መንገዱን ያስተዋለው ነው። ተራርቀው የተቀመጡ ቆጣሪዎች በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ አብረው ይመቱ ነበር። ሮሲ በጊዜው፣ በሰፊ ቦታ ላይ የተዘረጉ የቅንጣት መንጋዎች አልፎ አልፎ አንድ ላይ የሚወርዱ ይመስላል ብሎ ጻፈ። ዛሬ ዶፍ የምንለውን ነገር ያኔ አይቶታል። ሌላ ሥራ ይዞት ሳይቀጥልበት ቀረና፣ ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ በ1938 ለብቻው ደረሰበት። ኦዤ አልፕስ ተራራ ላይ 300 ሜትር የተራራቁ ቆጣሪዎች አብረው ሲመቱ መዝግቧል።

አስመራ ላይ ያ ቆጠራ በተደረገ በሁለት ዓመቱ፣ በ1935፣ የፋሺስት ጦር ከዚያው ምድር ተነሥቶ ኢትዮጵያን ወረረ። ሮሲንም በ1938 የዚያው መንግሥት የዘር ሕግ ከዩኒቨርሲቲ ሥራው አባረረው፤ ተሰዶ አሜሪካ ገባ። ይህንን ታሪክ ሳስተምር ሁለቱንም አብሬ እናገራለሁ፤ አንዱን ለይቶ መተው አልችልም።

በዚህ መንገድ የተገኙ ቅንጣቶች የትኞቹ ናቸው?

ፖዚትሮን በ1932፣ ሙዮን በ1936፣ ፓዮንና ካዮን በ1947። ቅንጣት ማፍጠኛ ማሽኖች እስኪበረቱ ድረስ ቤተ ሙከራው ሰማዩ ነበር። ፓዮን የተገኘው ፒሬኔ ተራሮች ላይና ቦሊቪያ ውስጥ ከ5,000 ሜትር በላይ ባለው ቻካልታያ በተቀመጡ የፎቶግራፍ ፕሌቶች ነው። ለዚህ ዘዴ መሠረት የጣለችው ኦስትሪያዊቷ ማሪዬታ ብላው ናት። እሷና ሄርታ ቫምባኸር በ1937፣ አንድ ኒውክለስ ተመትቶ በኮከብ ቅርጽ ሲበታተን ፕሌት ላይ አሳይተዋል። ብላው አይሁዳዊት በመሆኗ በቀጣዩ ዓመት አገሯን ለቃ መሰደድ ግድ ሆነባት። የኖቤል ሽልማቱ በ1950 ፓዮንን በዚህ ዘዴ ላገኘው ቡድን መሪ ለሴሲል ፓወል ሲሰጥ የእሷ ስም አልነበረበትም፤ በዚህ ገጽ ላይ ግን ሳይጠራ አይታለፍም።

ታዲያ ትልልቆቹ ማሽኖች ለምን አስፈለጉ?

ሰማዩ የሚልከውን አንመርጥም። መቼ፣ ምን፣ በስንት ኃይል እንደሚመጣ አናውቅም፤ የመጀመሪያውን ግጭትም ቀርበን አናየውም። ማሽን ውስጥ ግን የሚጋጨውንም ኃይሉንም የምንወስነው እኛ ነን።

በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር፣ ሰርን በሚባለው የምርምር ተቋም ያለው ትልቁ የሃድሮን ማጋጫ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ አለው። ፕሮቶኖችን በ13.6 ትሪሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያጋጫል። ፊት ለፊት ሲጋጩ ኃይሉ ሁሉ ለግጭቱ ስለሚውል፣ ይህ ከጠፈር መጥቶ የቆመ ፕሮቶን ከሚመታ፣ ከ1 በኋላ 17 ዜሮ ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ከያዘ ፕሮቶን ጋር ይስተካከላል።

የእርሳስ ኒውክለሶችን ፊት ለፊት ሲያጋጩ ደግሞ ከአንድ ግጭት ቻርጅ ያላቸው ብቻ ከ20,000 በላይ ቅንጣቶች ይወጣሉ። ለአፍታ፣ አፍታ ከሚባለውም እጅግ ላነሰ ጊዜ፣ ፕሮቶንና ኒውትሮን ቀልጠው በውስጣቸው ያሉት ኳርክና ግሉዎን የሚባሉ ቅንጣቶች እንደ ፈሳሽ የሚሆኑበት ሁኔታ ይፈጠራል። ኒውዮርክ አጠገብ ብሩክሄቨን በሚገኘው ማሽን የወርቅ ኒውክለሶች ሲጋጩ የተለካው ሙቀት 4 ትሪሊዮን ዲግሪ ነው፤ የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ያ ፈሳሽ ሲቀዘቅዝ ወደ ፓዮን፣ ካዮንና ፕሮቶን ይረጋል።

በሐምሌ 2025 ሰርን ለመጀመሪያ ጊዜ የኦክስጅን ኒውክለሶችን እርስ በርስ፣ እንዲሁም ፕሮቶንን ከኦክስጅን ጋር አጋጭቷል። ይህን ዜና ስሰማ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም የምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅንና ኦክስጅን ነው። ከራሳችን በላይ 15 ኪሎ ሜትር ላይ የሚደረገው ግጭት በቀጥታ ማሽን ውስጥ ገባ ማለት ነው። አንድ ችግር ግን አለ። ዶፉን የሚነዱት በግጭቱ አቅጣጫ ወደ ፊት የሚወረወሩት ቅንጣቶች ሲሆኑ፣ ማሽን ውስጥ እነዚህ በቧንቧው በኩል ያመልጣሉ። ለዚህ ሲባል ኤልኤችሲኤፍ የተባለ ትንሽ መመዝገቢያ ከግጭቱ ቦታ 140 ሜትር ርቆ ተተክሏል።

“የሙዮን እንቆቅልሽ” የሚባለው ምንድን ነው?

አርጀንቲና ውስጥ ማላርጉዌ በተባለ ቦታ፣ በ3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 1,660 የሚጠጉ የውኃ ታንከሮች ተተክለዋል። እያንዳንዳቸው 12,000 ሊትር ንጹሕ ውኃ ይይዛሉ፤ ርቀታቸው 1.5 ኪሎ ሜትር ነው። ዶፉ ውኃው ውስጥ ሲያልፍ የሚተወውን ብልጭታ ይመዘግባሉ። በፒየር ኦዤ ስም የተሰየመው ይህ መከታተያ ሲቆጥር፣ በከፍተኛ ኃይል በሚመጡት ዶፎች ውስጥ ያሉት ሙዮኖች የኮምፒውተር ሞዴሎቹ ከሚሉት በ30 በመቶና ከዚያም በላይ በልጠው ተገኙ።

ቅድም ያልኳችሁ የፓዮኖቹ ዕጣ እዚህ ላይ ይመጣል። በየግጭቱ ሲሶ ያህሉ ኃይል ቻርጅ ለሌለው ፓዮን ይደርሳል። ወደዚያ የሄደ ኃይል ጋማና ኤሌክትሮን ሆኖ ስለሚቀር ከእንግዲህ ሙዮን አይወልድም ማለት ይቻላል። ሞዴሉ ይህን ድርሻ በየግጭቱ በጥቂቱ እንኳ አብዝቶ ከገመተ፣ ዶፉ መሬት እስኪደርስ ስህተቱ እየተደራረበ ትልቅ ይሆናል። ታዲያ ኃይሉን ከዚያ መንገድ የሚያስቀረው ምንድን ነው? ሰርን ውስጥ አሊስ የተባለው ቡድን በ2017 እንዳሳየው፣ ብዙ ቅንጣት በሚወጣበት የፕሮቶን ግጭት ውስጥ ስትሬንጅ የሚባለው የኳርክ ዓይነት ያለባቸው ቅንጣቶች (ለምሳሌ ካዮን) ድርሻ ይጨምራል። አየር ውስጥም እንዲሁ ከሆነ ለፓዮን የሚደርሰው ቀንሶ ሙዮን ሊበዛ ይችላል። እኔ ለዚህ ሐሳብ አደላለሁ፤ የተዘጋ ጉዳይ ግን አይደለም። የኦክስጅኑ ግጭት የሚጠበቀውም ለዚህ ነው።

እስካሁን ከታዩት ሁሉ ኃይለኛው የትኛው ነው?

ጥቅምት 15 ቀን 1991 ዩታ ላይ የታየው። ኃይሉ 51 ጁል ያህል ነበር። ይህም 5 ኪሎ ጤፍ ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲወድቅ የሚኖረው ኃይል ነው፤ ያ ሁሉ ግን ከአቶም እንኳ እጅግ በምታንስ አንዲት ቅንጣት ውስጥ ታጭቆ። በግንቦት 2021 እዚያው ዩታ ውስጥ ሌላ ተመዝግቦ በአንዲት የጃፓኖች አምላክ ስም አማቴራሱ ተብሏል። የመጣበት አቅጣጫ ሲታይ ከዋክብት እንኳ የሳሱበት ባዶ የጠፈር ክፍል ነው።

የሰርን ማሽን ምድርን የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ አይፈጥርም?

አይፈጥርም። ከዚያ ማሽን እጅግ የበለጠ ኃይል ያላቸው ግጭቶች ከራሳችን በላይ በቢሊዮን ለሚቆጠሩ ዓመታት ሲካሄዱ ኖረዋል፤ ምድርም ጨረቃም አሉ።

ለጤና አያሰጋም?

አንድ ሰው ከተፈጥሮ በዓመት በአማካይ ከሚያገኘው 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ጨረር ውስጥ የጠፈሩ ድርሻ 0.39 ያህል ነው። ደጋ ላይ ይጨምራል፤ የእኛ አገር ግን ማግኔታዊው ወገብ የሚያልፍባት በመሆኗ የምድር ማግኔት ደካሞቹን ቅንጣቶች በደንብ ይመልስልናል። አውሮፕላን ላይ መጠኑ በሰዓት ጥቂት ማይክሮሲቨርት ይደርሳል፤ ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥርም ከፍ ይላል። አልፎ አልፎ ለሚጓዝ ሰው ይህ አያሳስብም። ሥራቸው በረራ ላይ ለሆነ፣ በተለይ ነፍሰ ጡር ለሆኑ የአውሮፕላን ሠራተኞች ግን ተከታትሎ መመዝገብ ተገቢ ነው።

ምን ጥቅም ተገኘበት?

ብዙ አለ፤ ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ግብፅ ውስጥ በኩፉ ፒራሚድ ውስጥ የሚያልፉትን ሙዮኖች በመቁጠር፣ ከ30 ሜትር ያላነሰ ርዝመት ያለው የማይታወቅ ባዶ ቦታ እንዳለ በ2017 ታውቋል።

ሁለተኛው ቤታችን ድረስ ይመጣል። ከዶፉ የሚወጡ ኒውትሮኖች የአየሩን ናይትሮጅን ሲመቱ ካርቦን 14 ይፈጠራል። ቅጠል ይስበዋል፣ ቅጠሉን የጋጠ እንስሳ ሥጋና ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ እንስሳው ከሞተ በኋላ በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። አድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙትን ወንጌሎች ብዙ ምሁራን የ1100 አካባቢ ሥራ ናቸው ይሉ ነበር። ከብራናው ተቆንጥሮ ኦክስፎርድ ላይ ካርቦኑ ሲለካ ግን ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደቁ። መነኮሳቱ ከትውልድ ትውልድ ሲያስተላልፉት ለኖሩት ቃል እጅግ የቀረበ ዘመን ነው። የቆጠረላቸው ደግሞ ያ እንስሳ ሣር ከመጋጡ በፊት ከሰማይ የወረደ ኒውትሮን ነው።

እኛስ እዚህ ሆነን መለካት እንችላለን?

እንችላለን። ሁለት ወይም ሦስት የጋይገር ቱቦዎች፣ አብረው ሲመቱ ብቻ የሚቆጥር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳና ትዕግሥት ይበቃል። ቱቦዎቹን አግድም አድርጋችሁ አንዱን ከሌላው በላይ በትይዩ ደርድሩና፣ ድርድሩን 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ወደ ምዕራብ አዙሩት፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ። አትቸኩሉ፦ 100 ብቻ ከቆጠራችሁ የቆጠራው መዋዠቅ ራሱ 10 በመቶ ስለሆነ ምንም አያሳይም። በየአቅጣጫው 2,000 እስኪሞላ ጠብቁ፤ ያኔ መዋዠቁ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል። በየሰዓቱም አቅጣጫውን እያቀያየራችሁ ቁጠሩ፤ የአየር ግፊቱ ሲለዋወጥ ቁጥሩም ስለሚለዋወጥ አንዱን ጠዋት ሌላውን ማታ ብቻ መቁጠር ያሳስታል። እንጦጦ ላይ መውጣት ከቻላችሁ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምርላችኋል፤ ጃኬት ያዙ።